«አንድ ሙያ ያዝ፣ ሌላውን ተው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወጣቶች ዘንድ በሰፊው እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ አጭር ነው፤ ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ሙያ ብቻ ይያዝ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙያ መማር ጊዜን ማባከን፣ ራስንም መበታተን ነው ይላል። ጸሐፊው ይህን ለማስረዳት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ከሚለው ተረት ተነሥተው የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሩጫ፣ የ10,000 ሰዓት ልምምድን፣ የአዳም ስሚዝን የስፒል ፋብሪካ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረውን የአባቶቻችንን ሙያ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችንና የቀጣሪዎችን ፍላጎት በማስረጃነት ጠርተዋል። በመጨረሻም ወላጆችን፣ ልጃችሁ አንድ ሙያ ከጀመረ ሌላ እንዳይነካ ከልክሉት ብለው ይመክራሉ።

ጸሐፊው ለወጣቱ ተቆርቁረው እንደጻፉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሁሉን ነካክቶ አንዱንም የማይጨርስ ሰው በዝቷል የሚለው ስጋታቸው የእኔም ስጋት ነው። ያልተስማማሁት በመድኃኒቱ ነው። ጀምሮ ለሚተው ሰው የሚያስፈልገው የጀመረውን እንዲጨርስ መርዳት ነው፤ የጨረሰው ሰው ተጨማሪ እንዳይማር መከልከል ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። በተለይ እንደ እኛ ባለ፣ የሥራ ሁኔታ በአንድ መመሪያ ወይም በአንድ ወረርሽኝ በሚገለባበጥበት አገር እንዲህ ያለው ምክር ሰው ያስርባል። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን ባቀረቧቸው ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

በተረቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ መውጣት እንደማይቻል ማንም ያውቃል። አንዱን ወጥቶ ፍሬውን ያወረደ ሰው ሁለተኛውን እንዳይወጣ ግን ተረቱ አይከለክልም። ተጨማሪ ሙያ ይጠቅማል የምንል ሰዎችም ጠዋት መሐንዲስ፣ ከሰዓት ነርስ ሁኑ ያልንበት ጊዜ የለም።

ኃይሌን ማንሣታቸው ግን አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ለእሳቸው ከሚመሰክር ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ እንዳገኘ ሁላችንም እናውቃለን። በመካከሉ፣ በ1999 በጃፓን ማኤባሺ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1,500 እና በ3,000 ሜትር ሁለቱንም ወርቅ መውሰዱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። 1,500 ሜትር ፍጥነት የሚጠይቅ የመካከለኛ ርቀት ውድድር ነው፤ ልምምዱም አሯሯጡም ከ10,000 ሜትር ይለያል። በዓመቱ ሲድኒ ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በስንት ቀደመው? በ0.09 ሰከንድ። 25 ዙር ሮጦ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ያችን ቅንጣት ጊዜ ያስገኘችው ፍጥነት በ10,000 ሜትር ልምምድ ብቻ የመጣች ናት ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ማራቶን ተሻግሮ በርሊን ላይ በ2007 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱም በ2:03:59 የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ገና እየሮጠ ታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ ሆቴል ሠራ፤ ንግድ ተማረ። «ሌላውን ተው» የሚለውን ምክር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ኃይሌ ባልኖረ ነበር።

ሁሉም ሩጫ ነው፣ አንድ ሙያ ነው ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የልዩነታችን ሥር ያለው። እኔ የምለው ተጨማሪ ሙያ በዘፈቀደ የሚለቀም አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሙያ ጋር አጥር የሚጋራ፣ ጎረቤት የሆነ ሙያ ነው። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በ5,000 ሜትር ነሐስ፣ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በማራቶን ወርቅ አገኘች። በማራቶኑ መጨረሻ ላይ ከእኛዋ ትግሥት አሰፋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ሲፋን የቀደመችው በ3 ሰከንድ ነው። ያን ያህል ርቀት ከሮጠች በኋላ የቀራትን ፍጥነት ያወጣችው ከመም (ከስታዲየም) ሩጫ ነው። ጎረቤት ሙያ የመጀመሪያውን አያደክምም፤ ያበረታዋል።

ስለ 10,000 ሰዓት። በአንድ ሙያ ለመጠበብ 10,000 ሰዓት መለማመድ ያስፈልጋል ይባላል። ይህ ቁጥር ከጥናት ወጥቶ ሕግ ሆኖ ሲነገር መኖሩ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው በበርሊን ቫዮሊን የሚማሩ ተማሪዎችን አጥንተው፣ ከሁሉም የላቁት 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን እንደተለማመዱ ጻፉ። አማካይ ማለት ከዚያ በታች የተለማመዱም አሉ ማለት ነው። ቁጥሩ በ2008 በወጣ አንድ ታዋቂ መጽሐፍ አማካይነት ለሁሉም ሙያ የሚሠራ ሕግ ተደርጎ ሲሰራጭ ኤሪክሰን ራሳቸው ጥናታችን እንዲህ አላለም ብለው ተቃውመዋል። ጥናቱ ስለ ቫዮሊን ነው። የቫዮሊን አውታር ትናንትም ዛሬም አራት ነው፤ ከ200 ዓመት በፊት የተጻፈውን ሙዚቃ ዛሬም ይጫወቱታል። መሣሪያውና ደንቡ በየአምስት ዓመቱ በሚቀያየር ሙያ ላይ ይህን ቁጥር መለጠፍ ልክ አይደለም።

ቁጥሩን እንዳለ እንቀበለው ብንል እንኳ ሒሳቡ ለጸሐፊው አይሠራም። በቀን 4 ሰዓት የሚለማመድ ሰው 10,000 ሰዓትን በ7 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። በ18 ዓመቱ የጀመረ በ25 ዓመቱ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ላለው 35 እና 40 የሥራ ዓመት ምን ይማር? ጽሑፉ ለዚህ መልስ የለውም።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ 10 ሠራተኞች የስፒል ሥራን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሽቦ እየሳበ፣ አንዱ እየቆረጠ፣ አንዱ ጫፉን እየሳለ፣ በቀን 48,000 ስፒል እንደሚያመርቱ ጽፏል፤ አንድ ሰው ለብቻው ቢሠራ ግን 20 እንኳ እንደማይሞላለት። ጸሐፊው ይህን በትክክል ጠቅሰዋል። የተዉት ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወደ መጨረሻው ያለውን ነው። ስሚዝ ዕድሜውን በጥቂት ቀላል ድርጊቶች ላይ የሚጨርስ ሰው አእምሮውን የሚያሠራበት አጋጣሚ እያጣ እንደሚደነዝዝ አስጠንቅቆ፣ መንግሥት ለድሆች ልጆች ትምህርት ገንዘብ እንዲያግዝ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራ መከፋፈሉ ፋብሪካውን አበለጸገ፤ ጫፍ ከመሳል በቀር የማያውቀውን ሠራተኛ ግን በፋብሪካው ባለቤት እጅ አስቀረው። ዛሬ ያን ሁሉ የሚሠራው ማሽን ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ቆረቆረኝ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው የሸማኔ ልጅ ሸማኔ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ሠሪ ሆኖ መቅረቱን አባቶቻችን ለሙያ ጥልቀት የነበራቸው ክብር አድርገው ያቀርቡታል። አልነበረም። ቀጥቃጩ ከትውልድ ትውልድ ቀጥቃጭ ሆኖ የቀረው ርስት ስለተነፈገ፣ ጋብቻ ስለተከለከለ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ስለተፈራ ነው። ቤተ እስራኤሎችን እናስታውስ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡት ርስታቸውን አጡ። በሰው መሬት እየገበሩ አረሱ፤ በዚያ ላይ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ፤ የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ሲታነጹም በግንበኝነትና በአናጢነት ሠሩ። የአንድ ሙያ ምሳሌ ተደርገው የቀረቡት ሰዎች ሕይወት ያቆያቸው በእጃቸው ብዙ ሙያ ስለነበረ ነው። ያ ሁሉ ሙያ ደግሞ ክብር አላስገኘላቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውንም በሥራው እያነሡ መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ስድቡ የዕለት ተዕለት ነገር ስለነበረ ነው። ይህን ቁስል ዛሬ የሙያ ፍልስፍና አድርጎ ለወጣት ማቅረብ አግባብ አይመስለኝም።

አባቶችን ከጠራን አይቀር ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤቱን ለምን ዘለልነው? የቆሎ ተማሪው ንባብና ዳዊት ጨርሶ ዜማ ቤት ይገባል። ድጓን ፈልጎ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባን ይወጣል፤ ለቅኔ ጎጃም ይወርዳል፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፤ ለአቋቋም ጎንደር። አኮፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር የሚዞረው አንዱ ጉባኤ ቤት ያለው እውቀት ሌላው ጋ በዚያ ልክ ስለማይገኝ ነው። መጻሕፍት ቤት ሲደርስ ከፊቱ አራት ክፍል አለ፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። አራቱንም የዘለቀው «አራት ዓይና» ተብሎ ይከበራል። ሊቃውንቱ አንዱን ይዞ ሌላውን የተወውን አላዋረዱም፤ ከፍተኛውን ስም የሰጡት ግን አራቱንም ለያዘው ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ የቁም ጸሐፊው ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ ጠጉሩንና ሥጋውን እየፋቀ ብራናውን ራሱ ያዘጋጃል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ይበጠብጣል፤ ለቅዱሳን ስም የሚሆነውን ቀይ ለብቻው ያዘጋጃል፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ሲጨርስ ይጠርዛል፤ ብዙዎቹ ቆዳውን ለብጠው ይደጉሳሉ፣ ሐረግ የሚባለውን ጌጥም ይስላሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር ግዕዙን ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም የሚገለብጠውን የማያነብ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ስቶ ምሥጢሩን ያበላሻል። እንግዲህ የዚህ ሰው ሙያ ስንት ነው? ቆዳ መፋቅ ብራናው እንዴት ቀለም እንደሚጠጣ አስተማረው፤ ያን ማወቁ ጽሕፈቱን አሳመረው፤ ግዕዙ እጁን ከስሕተት ጠበቀው። አንዱን ብታወጡበት የቀሩት ይጎድላሉ። ገበሬውም ቢሆን ሞፈርና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ፣ በሬውን ራሱ አሰልጥኖ፣ ቤቱን ራሱ ሠርቶ የኖረ ነው።

ጸሐፊው «ሆዴን የሚከፍትልኝ ሐኪም ሌላ ሙያ እንዲኖረው አልፈልግም» የሚል ሐሳብም አንሥተዋል። ለልብ ቀዶ ሕክምና የልብ ሐኪም እንደሚያስፈልግ አልከራከርም። ሆኖም ይህ ምሳሌ የሚሠራው ሁሉም ስፔሻሊስት በቅርብ ላለበት ሰው ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችው አንድ ፕሮግራም አለ፤ የጤና መኮንኖችን በ3 ዓመት የማስተርስ ትምህርት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናንና የማዋለድ ቀዶ ሕክምናን አንድ ላይ ያሠለጥናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቀዶ ሕክምናም ሆነ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ጥቂቶች ነበሩ፣ እነሱም አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል። በወረዳ ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልደውና ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበትን ልጅ የሚያድነው አንድ ሰው ነው። ለዚህ ሰው «አንዱን ምረጥ» ብንለው ከሁለቱ ሕመምተኞች አንዱን መንገድ ላይ እንዲሞት ፈረድንበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀጣሪዎችና ወደ ዋስትና። አንድ ሙያ የያዘ ሰው አይራብም የሚለው የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በሰፈሬ ጋራዥ ይበዛል። ጋራዥ ውስጥ ሥራው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሞተር የሚያወርደው አለ፣ የእግር ሥራ (ሞላና ቡሽ) የሚሠራው አለ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ ቀለም ቀቢው፣ በር ላይ ጎሚስታው። ሁሉም በየጥጉ ነው። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት በደንብ ሠርቷል። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ብቻ ሆኑ። እነዚህ መኪኖች ካንዴላ የላቸውም፤ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ማርሚታ የላቸውም፤ የሞተር ዘይት አይቀየርላቸውም። ሞተር በማውረድና በመግጠም ስሙ የተጠራ መካኒክ፣ አዲሱን መኪና ከፍቶ ሲያይ የሚያውቀውን ነገር አያገኝም።

አንድ ቀን እዚሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ባለቤቱ ማታ ቻርጅ አድርጎ ያሳደረው መኪና ጠዋት ጭራሽ በሩም በሪሞት አልከፈት ብሎታል። ትልቁ ባትሪ ሞቷል ብሎ ደንግጧል፤ ያ ባትሪ ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። አንጋፋው የሞተር መካኒክ ኮፈኑ ተከፍቶ ወፋፍራሞቹን ብርቱካናማ ገመዶች ሲያይ እጁን ሰበሰበ። ልክ ነበር፤ እነዚያ ገመዶች ከ300 ቮልት በላይ ይሸከማሉ፣ ሳይማሩ መነካካት ሊገድል ይችላል። ከዚያ በእግር ሥራ ረዳትነት ጋራዡ የገባ፣ በማታ የመኪና ኤሌክትሪክ የተማረ አንድ ልጅ ተጠራ። ብርቱካናማውን አልነካም። ቴስተሩን አምጥቶ እንደማንኛውም መኪና ያለችውን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ለካ፤ ባዶ ነበረች። ትልቁ ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚገናኘው በሪሌ፣ ማለት በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው፤ ሪሌዎቹን የምታነሣው ደግሞ ይህች ትንሽ ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖም ምንም አይሰጥም። በዚያው ለቶዮታ በሚጠቀሙበት አሮጌ ቻርጀር ቻርጅ አደረጋት፤ መኪናው ነቃ።

ልጁ ከአንጋፋው የተሻለ መካኒክ አይደለም። ሞተር በጆሮ ሰምቶ ችግሩን መለየት አይችልም፤ አንጋፋው ይችላል። ልዩነታቸው ልጁ አጥር የሚጋራ ሁለተኛ ሙያ መጨመሩ ነው። የመጀመሪያ ሙያውም አልባከነም። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፤ በኮብልስቶንና በጉድጓድ ላይ ሞላውንና ቡሹን ቶሎ ይበላል። ስለዚህ የእግር ሥራውን የሚያውቅ፣ ኤሌክትሪክም የሚያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠራል። ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የቮልስዋገን መኪና ሳይቀር ስክሪኑ በቻይንኛ ሆኖ ይመጣል። ልጁ ማስጠንቀቂያውን በስልኩ ካሜራ እያስተረጎመ፣ ደጋግመው የሚመጡትን ምልክቶች በደብተር እየጻፈ ይለምዳቸዋል። ይህም ሦስተኛ ሙያ ሊሆን እየጀመረ ነው።

አንጋፋው ነገ ሥራ ያጣል አላልኩም፤ አሮጌዎቹ የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። የቆጨኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ጽሑፉ የሚመክረውን ሁሉ አድርጓል። አልተበተነም፤ አንዱን ይዞ ጠልቋል። ሆኖም ሙያው የቆመበትን መሬት አንድ ውሳኔ አንቀጠቀጠው፤ ጽሑፉም ለእሱ የሚለው ነገር የለም።

ይህ የጋራዥ ብቻ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ በዓመቱም ጦርነት ሲከተል፣ ላሊበላ ላይ ከአስጎብኚነት በቀር ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው ወጣቶች ቱሪስት ሲጠፋ ገቢያቸው ባንዴ ቆመ። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በስልክ መኪና የሚያስጠራው ኡበር ከተማው ሲገባ ምን እንደገጠማቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል። ስለ ቀጣሪዎች ደግሞ ጸሐፊው የሥራ ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ቢያነቡ ይበቃል። የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል ይልና ቀጥሎ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) የሚችል፣ ኤክሴል የሚችል፣ የግብር አሠራር የሚያውቅ ይላል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ግዴታ ሲሆን፣ በድሮው መንገድ ብቻ የሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች እንደገና ተማሪ ሆነዋል። ቀጣሪ የሚፈልገው አንዱን በደንብ የሚያውቅ፣ በዙሪያው ያለውንም የማይፈራ ሰው ነው።

በአንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እቆማለሁ። ሰርተፊኬት የሚያሰባስቡ ወጣቶች አሉ፤ የሁለት ሳምንት ግራፊክስ፣ የሁለት ሳምንት ማርኬቲንግ፣ የሁለት ሳምንት ኮዲንግ፣ ከዚያ ሁሉም በፋይል ተቀምጦ አንዱም እንጀራ የማይሆን። ይህ ሙያ ማብዛት አይባልም፤ ምንም ሙያ አልተያዘምና። እኔ የምለው የመጀመሪያው ሙያ መጀመሪያ ያብላህ፤ ሰው ሥራህን አይቶ ደግሞ ይጥራህ። ከዚያ ቀና ብለህ እጅህ ላይ ያለው ሥራ ሲቆም ማንን እንደምትጠራ ተመልከት። ልብስ ሰፊዋ ሲንጀሯ ሲበላሽ የምትጠራው ጠጋኝ አለ። አናጢው በርና መስኮት ገጥሞ ሲጨርስ ቀለም ቀቢ ይጠብቃል። የሠርግ ፎቶ የሚያነሣው ልጅ ቪዲዮውን የሚያቀናብርለት ሰው ጋ ወረፋ ይይዛል። ሁለተኛው ሙያ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው፤ ለመማርም ግማሹን ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም፣ ምክንያቱም ግማሹን እያየኸው ኖረሃል።

የቀረው ለወላጆች የሰጡት ምክር ነው። ሌሎቹን ነጥቦች ሁሉ ባይቀበሉኝ እንኳ ይህችን አንቀጽ ከጽሑፋቸው እንዲያወጧት ጸሐፊውን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልብስ ስፌት የምትማር ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪና ጥገና ልማር ብትል ምን ከስፌቷ ይቀንስባታል? ክር የሚበጠስባት በመርፌው ይሁን በክሩ መጥበቅ ለይታ ታውቃለች፤ መኪናው ሲቆም ቀኗ አይባክንም፤ ጎረቤት ያሉ ሰፊዎች የሷን እጅ ፈልገው ይመጣሉ። አባቷ ጽሑፉን አንብቦ «የጀመርሽውን ያዢ፣ ሌላ አትንኪ» ቢላት የምታጣውን አስቡት። ወላጅ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የመጀመሪያውን በደንብ ይዘሽዋል ወይ? ይዛው ከሆነ የቅዳሜውን ክፍያ ይክፈልላት።